በኅዳር ሚካኤል ያልተነሣ ስም

ትሮንድሄም፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደመላሽ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቤትዎ፣ ጤናዎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእናንተ ጸሎት አለሁ።

እንደ ሁልጊዜው በፈረንጅ ፊደል ስለምጽፍልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር የሚያውቀው የእነሱን ቋንቋ ብቻ ነው፤ አናቷ ላይ ቀለበት የሰቀሉባት ፊደል ሳትቀር አለችው፣ የእኛ አንዲት ሀ ግን የለችውም። እርስዎ በፊደላችን ገልብጠው፣ አሳትመው፣ ደብረ ኤልያስ ድረስ ለአባዬ ስለሚያደርሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ በስልክ ድምፄን አይለይም። ያለ እርስዎ ከአባቴ ጋር የምገናኝበት መንገድ የለኝም።

ከዚህ በታች ያለው ለአባዬ ነው።

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ተማሪዎችዎስ በረከቱ? እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሥራዬን ቀጥያለሁ። የሰው አባት ሳጥብና ሳበላ እውላለሁ፤ እርስዎን ግን ሌላ ሰው ያጥብዎታል። ብርዱ ገብቷል። አንገቴ ላይ የወጣው እንቅርት ስላደገ ሐኪሞች ኅዳር 12 ቀን ጠዋት በቀዶ ጥገና ሊያወጡልኝ ወስነዋል፤ ድምፄ ሊጠፋ እንደሚችልም ነግረውኛል። ቀኑ ሚካኤል ነውና በዚያች ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆመው ወለተ ሰንበት ብለው ስሜን ያንሡልኝ፤ እርስዎ ከቆሙልኝ አልፈራም።

ልጅዎ ትሕትና


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

የእናትሽ የሥራነሽ አምላክ ባለሽበት አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ጤፉ ታጭዶ እየተከመረ ነው።

መልእክትሽን በፊደላችን ገልብጬ፣ ሃኒ ቤት አሳትሜ፣ በጥቅምት መጨረሻ ራሴ ደብረ ኤልያስ አደረስሁ። ሃኒ ማለት የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ናት፤ ካሁን ቀደም ጽፌልሻለሁ። መሪጌታ አባትሽ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «የሰው አባት ሳጥብ» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ያጠበችው ሁሉ አባቷ ነው በላት» አሉኝ። ጉልበታቸው እንደ ነበረው ነው። ጉባኤያቸው ሞልቷል። «ዕድሜሽን እንደ ዓባይ ዳር ዋርካ ያርዝመው» ብለው መርቀውሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የደም ግፊታቸው አልተስተካከለም። እናትሽም ከቀዶ ጥገና አልጋ ሳትነሣ መቅረቷን ታውቂያለሽ። ስለዚህ የሚያስደነግጠውን በመጠኑ አለዝቤዋለሁ። እንደ እኔ ዕድሜ ልኩን የተማሪ ድርሰት ሲያርም የኖረ መምህር ለማን ምን እንደሚነገር አያጣውም። አንቺ በዚህ አትጨነቂ፤ ሕክምናሽን ተከታተዪ።

የእናትሽ የአጎት ልጅ፣
ደመላሽ


ትሮንድሄም
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደመላሽ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

«አለዝቤዋለሁ» ያሉት ገብቶኛል፤ እናቴን አስበው ነው። ቢላዋውን፣ ድምፄን፣ ይህን ሁሉ ባይነግሯቸው ግድ የለኝም። ግን ቀኑን ነግረዋቸዋል? ስሜን እንዲያነሡልኝስ? ረጅም ደብዳቤ አይጻፉልኝ። «ነግሬያለሁ» ካሉኝ ይበቃኛል።

ትሕትና


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ አይለይ። ኔትወርክ ጠፍቶ ዘገየሁብሽ። ሐሳብ አይግባሽ። የአባትሽን ጸሎተኛነት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እግራቸው ከቤተ ክርስቲያን ርቆ አያውቅም። ነገ የሐኪሞቹን እጅ ያቅናው። በሰላም ያውጣሽ።

ደመላሽ


ትሮንድሄም
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ደመላሽ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ! ድምፄ መጀመሪያ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ተመልሷል፣ እንደ ጎረምሳ ቢሻክርም። የምጦራቸው ሽማግሌዎች ስልክ ስደውልላቸው «ይህ ወንድ ማነው?» ይላሉ።

የዚያን ጠዋት ልንገርዎ፣ ለአባዬም ይንገሩልኝ። በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋችኝ የነበረችው ነርስ «ውጭ የሚጠብቅሽ ሰው አለ?» አለችኝ። «አባቴ አለ፤ እኔን ብሎ አሁን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል» አልኳት። «ስንት ዓመቱ ነው? ብዙ መቆም ይችላል?» አለች። «መቋሚያ አለው» አልኳት፤ መቋሚያ ምን እንደሆነ ሳስረዳት ከቀዶ ጥገናው በር ደረስን። እዚህ ገና ሲነጋ እዚያ ረፋድ እንደሆነ አሰብኩ። መርፌውን ሲወጉኝ አባዬ «ወለተ ሰንበት» ሲሉ ሰማኋቸው። እውነቴን ነው ጋሼ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። አንድም ነገር አልፈራሁም።

ግማሹን ነው ያወጡት። የቀረውን ግማሽ ከፋሲካ በኋላ አይተው ይወስናሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብኝ ይጸልዩልኝ።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርዎታለሁ። አባዬን በራሴ እጅ፣ በፊደላችን ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ምስጋና በተላላኪ አያምርም። በስልኬ ረጅም ነገር መጻፍ አልችልም፤ ዓይኔ ይደክማል። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ደግሞ ምንም መጫን አይፈቅድም። ሳይጫን እዚያው ብሮውዘሩ ላይ በአማርኛ የሚያጽፍ ነገር ካለ እርስዎ አያጡትምና ያስተምሩኝ።

ልጅዎ ትሕትና


ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

የልደቱ ጌታ እንኳን በሕይወት አቆየልን። ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ ቆይቶ መልሴ ዘገየ። ደኅና መሆንሽን ለአባትሽ ነግሬያለሁ። «ብርድ ልብስ ትደርብ» ብለዋል።

የጠየቅሽው ነገር አለ። ትምህርቱን ግን በቅደም ተከተል እንሂድ፤ የተቻኮለ ትምህርት አይጸናም። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። በላቲን ፊደል ስትጽፊ እዚያው ወደ ፊደላችን የሚለውጥ የድረ ገጽ አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ክፈቺው፤ ባዶ ሣጥን ታያለሽ። በሣጥኑ ውስጥ ተነባቢውን ስትጫኚ ሳድሱ ይመጣል፤ አናባቢ ስትጨምሪበት ይለወጣል። ለጊዜው የሀን ቤተሰብ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ብቻ ጻፊ። ከዚያ ገልብጠሽ በደብዳቤሽ ላይ አስቀምጪና ላኪልኝ። ሥራሽን ሳይ ወደ ለ እናልፋለን።

ደመላሽ


ትሮንድሄም
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደመላሽ፣

እንኳን አደረሰዎ። የቤት ሥራዬ እነሆ፦ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ከዚህ በላይ ያለው አሁንም በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ይህች መስመር ግን የራሴ ናት። ኮምፒዩተሩ ከሥሯ ቀይ መስመር አሰመረባት፤ ቋንቋው አይደለምና ሁሉም ስሕተት ይመስለዋል። እርስዎን አስታወሰኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዎን ማለቴ ነው።

ግን ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ፊደል ከሆነ ፐ ላይ ስደርስ እኔም እጦራለሁ። የኔታ እንኳ ከዚህ ይፈጥኑ ነበር። ምነው እንዲህ ያዘገዩኛል?

ሌላም ነገር አለ። አባዬ «ብርድ ልብስ ትደርብ» አለኝ። አንገቷን የተቀደደች ልጁን የሚጠይቀው ስለ ብርድ ልብስ ነው? ከኅዳር ጀምሮ በላኩልኝ ቃሉ ውስጥ ስለ አንገቴ አንድም ነገር የለም። ድምፅሽ እንዴት ሆነ አላለም። ሚካኤልን አላነሣም። በኅዳር 8 ቀን የጠየቅኩዎትን ጥያቄ መልሼ አነበብኩት፤ መልስዎንም አነበብኩት። መልስ የለውም።

ነግረዋቸዋል ወይስ አልነገሯቸውም?

ትሕትና


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

ልጄ ለማለት ከፈቀድሽልኝ። አልነገርኋቸውም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስቀረኋቸው። ደብዳቤው «ብርዱ ገብቷል» በሚለው አለቀ። መሪጌታ ያነበቡት ይህንኑ ነው። በኅዳር ሚካኤል ጠዋት አንቺ ምን ላይ እንደነበርሽ አያውቁም፤ ዛሬም አያውቁም። ታመሽ የዳንሽው ከጉንፋን ይመስላቸዋል።

ኔትወርክ የጠፋው አራት ቀን ብቻ ነበር። የቀረው መዘግየት የእኔ ነው። በኅዳር 11 ቀን መልስ ስጽፍልሽ ገና ጊዜ ነበረኝ፤ ጎህ ሳይቀድ ብነሣ በመጀመሪያው መኪና ቅዳሴ ሳይወጣ እደርስ ነበር። አልተነሣሁም። ግፊታቸውን ፈራሁ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በጥቅምት አስቀርቼ በኅዳር «አስቀርቼ ነበር» ማለት አሳፈረኝ። ትምህርቱንም ያንጠባጠብሁብሽ አንቺ በራስሽ እጅ የጻፍሽ ቀን እንደምጋለጥ ስለማውቅ ነው።

«ሰማኋቸው» ብለሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ ሃኒ ቤት ሳነብ ሃኒ «መምህር፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። ዓይኔን ነው አልኋት። እሷንም ዋሸሁ።

የጥር ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ሁለተኛውን ትምህርት መጻፍ ጀምሬ ነበር። ብሮውዘሩ የማያውቀውን ቋንቋ ሲያይ ከላይ «ይህን ገጽ ልተርጉምልሽ?» ይላል። «‹አይ› በዪው፤ ሰው የጻፈውን የሚለውጥ ነገር አይታመንም» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ እጄ ቆመ። እሱ እንኳ ሳይጠይቅ አይነካም።

እነሆ የቀረው ትምህርት በሙሉ። ትንሿ ቲ ትን፣ ትልቋ ቲ ጥን ትሰጥሻለች፤ በዚሁ አኳኋን ጭና ጵም ከትልልቆቹ ይመጣሉ። ሽን ኤክስ ላይ ታገኛለሽ። ወደ ኖርዌጅኛ ለመመለስ ከሣጥኑ በላይ ያለውን የቋንቋ ምልክት ንኪ። በራሱ የሚያርመውን ከቅንብሩ ገብተሽ አጥፊው። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ሰዓትሽ ሲያልቅ የጻፍሽውን ስለሚያጠፋ፣ በየመሐሉ እየገለበጥሽ ለራስሽ ላኪ። ቀይ መስመሩን ተዪው፤ አንቺ አልተሳሳትሽም።

ይህን ካወቅሽ ከእኔ የምትፈልጊው ነገር የለም። ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት።

ደመላሽ


ትሮንድሄም
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደመላሽ፣

ይህን በፊደላችን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚታረም ነገር ቢያዩ አያርሙት።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሥራ ገብቼ አንድ ሽማግሌ ሳጥብ ውኃው እንደፈላ ሳላስተውል እጁ ላይ አፈሰስኩበት። ጮኸ። እጁን ይዤ ይቅርታ ስለው «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ምን ልበለው?

ያን ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ብቻዬን መሆኔን እኔ አላውቅም ነበር፤ እርስዎ ያውቁ ነበር። የሰማሁት ድምፅ የማን ነበር? አሁን እሱን እያሰብኩ አድራለሁ። አባዬም ልጁ ለምናው የከለከላት አባት ሆኖ ይኖራል፣ ሳያውቀው። እኔና አባቴ መካከል ሆነው የሁለታችንንም ልብ በእጅዎ ያዙ፣ ከዚያ አለዘብኩት ይላሉ።

ልጅ ሳለሁ ድርሰቴን ሲያርሙልኝ የሰረዙት ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያስታወስኩት የሰረዙትን ነው።

ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ። ደብረ ኤልያስ ሄደው በአፍዎ ይንገሩት፤ በጽሑፍ አይደለም። ከዚያ ከዚህ ጋር አያይዤ የላክኩትን ይስጡት። ለእሱ ነው። አሳትመው ይስጡት እንጂ አያንብቡት። እንዳላነበቡት የማውቅበት መንገድ የለኝም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ትሕትና


ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና አካለ ወልድ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ስለ ሽማግሌው እጅ እጅግ አዘንሁ፤ ያም የእኔ ነው።

የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ። ምንም አላስቀርም።

ያያያዝሽውን ሃኒ ናት ያሳተመችው። ገጹን ከፈትሁላትና ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምሁ። በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። «መምህር፣ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው እርስዎ የማያነቡት?» አለች። «የሰው ደብዳቤ» አልኋት።

ደብረ ኤልያስ ስደርስ መሪጌታ ጉባኤ ላይ ነበሩ። ተማሪዎቹ እስኪበተኑ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ተናገር» አሉኝ። ጆሯቸው እንደምታውቂው ነው። ቀስ ብዬ ብናገር «እ?» አሉኝ። ስለዚህ ጥፋቴን ጮኼ ተናገርሁ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ሰሙ። ማንም ዜማውን አልቀጠለም።

«መሪጌታ፣ በጥቅምት ያመጣሁልዎት ደብዳቤ ጎደሎ ነበር። ልጅዎ አንገቷን በቀዶ ጥገና ልትታከም ስለነበር ስሟን እንዲያነሡላት ለምናዎት ነበር። እኔ አስቀረሁት።»

«አለች?» አሉኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር አልጠየቁም።

«አለች፣ ድናለች።»

«መቼ ነበር?»

«ኅዳር ሚካኤል ጠዋት።»

ከዚያ «ኅዳር ሚካኤል...» እያሉ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመሩ። ያንጊዜ ቢመቱኝ በወደድሁ። «ጉልበቴ ብሶብኝ ቤተ ክርስቲያን ያልሄድሁበት ቀን ነው። ከጎረቤታችን ከባዘዘው ቤት ዝክር ነበር፤ ደግፈው ወሰዱኝ። ጠላው ጥሩ ነበር። ባዘዘው ስለ በቅሎው ሲያወራ ስንስቅ ዋልን።» ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ስትቀደድ እኔ ስስቅ ነበር።»

ትሕትና፣ «እግራቸው ከቤተ ክርስቲያን ርቆ አያውቅም» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያም ሐሰት ሆነ።

«ለእርስዎ ፈርቼ ነው» አልኋቸው።

«ለእኔ ብለህ ከእኔ ወሰድህ። ጉልበቴ ባይችል ተሸክመው ባደረሱኝ ነበር። አንተ የተማረ ሰው ነህ፤ እኔም ተማሪ ሲስት አቀናለሁ። ያልሳተውን ቀንሼ ግን አላውቅም» አሉ። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ማኅተሙን በጣታቸው ፈተሹ። «ይህንንስ አንብበኸዋል?» «አላነበብሁም።» «እናያለን» አሉና ይዘውት ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ምን እንዳለበት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«መልስ በእኔ በኩል ይላካል?» አልሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

«አንተ መንገዱን ታሳየኛለህ። የምጽፈው እኔ ነኝ» አሉ።

ባለፈው ሐሙስ በመኪና ደብረ ማርቆስ ገቡ። የላቲን ፊደል ስለማያውቁ ያንቺን መንገድ አላስተማርኋቸውም፤ የእኛ ፊደል በገበታ ተዘርግቶ በማውዝ እየተነካ የሚጻፍበት ሌላ ገጽ አለ። ሃኒ ፊደሎቹን አተለቀችላቸው። ገበታውን ሲያዩት ሣቅ አሉ፤ «ይኸማ የልጅነቴ ነው» አሉ። ከዚያ እኔን ወንበሬን አዙሬ ወደ ግድግዳው እንድቀመጥ አዘዙኝ።

ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እሱን እያየሁ ከኋላዬ የማውዙን ድምፅ ሰማሁ፤ ጠቅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ጠቅ። ሲጠፋባቸው ጮክ ብለው ይጠይቁኛል፦ «ረ የት ገባች?» «ከሠ በታች ናት መሪጌታ።» «ይኸ ደግሞ የጻፍሁትን በላብኝ!» «ሃኒ ትመልስልዎታለች።» አንድ ጊዜ በጣም ቆዩ። «የትኛዋን አጡ?» አልሁ። «አትጠይቀኝ። ያቺን ከነገርሁህ የምጽፈውን ታውቃለህ» አሉኝ። ብቻቸውን ፈልገው አገኟት፤ ሲያገኟት ማውዙን በጣም ተጫኑት።

ከጠዋት እስከ ቀትር ወሰደባቸው። ብዙ ያልጻፉ ይመስለኛል፤ ግን አላየሁም። የላከችላቸው ሃኒ ናት። እኔ የተነሣሁት ገጹ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስሸኛቸው መኪናው ውስጥ ሆነው «አንገትህን አላመመህም?» አሉኝ። «አመመኝ» አልሁ። «ይመምህ» አሉኝ።

የእሳቸው መልእክት ከዚህ ቀድሞ ደርሶሻል። የተሳሳተ ፊደል ብታገኚበት የእሳቸው ነው። እኔ አልነካሁትም። ከእንግዲህ የምትጽፊው በሃኒ አድራሻ ይግባ፤ አሽጋ በአምበር በኩል ወደ ደብረ ኤልያስ በሚያልፈው መኪና ትልከዋለች። ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የቀረውን ግማሽ አይተው ይወስናሉ ብለሽ ነበር። ቀኑን ሲነግሩሽ ለአባትሽ ጻፊላቸው። ለእኔ አትንገሪኝ።

ደመላሽ